ሃርትል ወይስ ሹትስ? ጀነራል ሬላቲቪቲን ለብቻው ለሚማር የትኛው መጽሐፍ ይሻላል

ጀነራል ሬላቲቪቲን፣ ማለትም የአንስታይንን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ ያለ አስተማሪ ልጀምር ብላችሁ መጽሐፍ ስትጠይቁ የሚጠሩላችሁ ስሞች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ሃርትል፣ ሹትስ፣ ካሮል፣ አንዳንዴም ያ ግዙፉ "ግራቪቴሽን"። ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ሁሉም ግን የመጀመሪያ መጽሐፍ አይሆኑም። ዋጋቸውም ቀላል አይደለም፤ አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ካልሆነ በቀላሉ አይገኙም፣ ከመጡ በኋላ ልቀይር ቢሉ አይሆንም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት አስቡበት።

አንድ ነገር ልበል። ካልኩለስ እስከ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ድረስ ካልተማራችሁ አንዱንም አትግዙ። መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

የጄምስ ሃርትል "ግራቪቲ" እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። የሚያስቀድመው ፊዚክሱን ነው። ከባዱን የቴንሰር ሒሳብ (ጉብጠት የሚገለጽበትን፣ በኢንዴክስ የተሞላውን ሒሳብ) ወደ ኋላ ያቆየውና ሽዋርዝሺልድ ያገኘውን፣ በአንድ ክብ ኮከብ ዙሪያ ስፔስታይም (ቦታና ጊዜ አንድ ላይ) እንዴት እንደሚጎብጥ የሚገልጸውን ሜትሪክ መጀመሪያ በእጃችሁ ይሰጣችኋል። ከዚያ አስሉ ይላችኋል። ሜርኩሪ ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብ ከኒውተን ስሌት አልፎ በ100 ዓመት 43 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ያህል ለምን እንደሚንሸራተት፣ የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓትስ ከመሬቱ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ያህል ለምን እንደሚቀድም በራሳችሁ እስክሪብቶ ታወጡታላችሁ። ለብቻው የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ቴንሰር ላይ ሲደርስ ነው፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ምልክት ለምን እንደሚጠቅም ገና አላየም፤ ሃርትል ጥቅሙን አስቀድሞ ስላሳያችሁ ቴንሰሩ ሲመጣ ጉልበት ይኖራችኋል። ጉድለትም አለው። ሜትሪኩ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ የአንስታይን እኩልታ የሚመጣው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ነው፣ እስከዚያ አምናችሁ መሄድ ነው።

በርናርድ ሹትስ ተቃራኒውን መንገድ ይይዛል። ገና በምዕራፍ 3 ቴንሰር ያስተምራል፣ ግን ስበት በሌለበት፣ ባልጎበጠው በስፔሻል ሬላቲቪቲ ውስጥ ስለሆነ ሒሳቡንና ጉብጠቱን አንድ ላይ አትታገሉም። የአንስታይን እኩልታ ምዕራፍ 8 ላይ ነው፣ ብላክ ሆል ደግሞ 11 ላይ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ስትደርሱ ተሰጥቷችሁ የተቀበላችሁት ነገር የለም፣ እያንዳንዱን ገንብታችሁታል። ለብቻው ለሚማር ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ የ2ኛውን እትም መልመጃዎች እየሠራ የሚያሳይ የተማሪ መመሪያ ለብቻው ታትሟል። አስተማሪ የሌለው ሰው ስሌቱ ልክ መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ ሹትስን ከመረጣችሁና መመሪያውንም የምትገዙ ከሆነ የ2022ቱን 3ኛ እትም ትታችሁ የ2009ኙን 2ኛ እትም ፈልጉ።

የሾን ካሮልን መጽሐፍ ለመጀመሪያ አትግዙት። መጽሐፉ ያደገበት የ1997 የክፍል ማስታወሻው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ በስልክም ይነበባል። ከሱ ጎን ኤምአይቲ በ2020 የቀረጸውን የስኮት ሂውዝን ትምህርት እዩ፣ እሱም ነፃ ነው።

"ግራቪቴሽን" ከ1,200 ገጽ በላይ ነው፣ በ1973 የታተመ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኪፕ ቶርን በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። እወደዋለሁ፣ ግን ከሌላ መጽሐፍ በኋላ የሚገለጥ ነው፣ ለሻንጣም ይከብዳል።

እየጻፈ ካልሆነ የማይገባው ሰው የቶማስ ሙርን የመልመጃ መጽሐፍም ይየው፤ ስሌቶቹን የምትሞሉበት ባዶ ሣጥን አለው። እሱን ግን ያገለገለ አትግዙ፣ ሌላ ሰው ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

ከሃርትልና ከሹትስ አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የኔ ምርጫ ሃርትል ነው። ሒሳብ ያጠና ሰው ወይም "ይህ ከየት መጣ" የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ግን ሹትስን ይውሰድ። መወሰን ካቃታችሁ ገንዘብ ሳታወጡ የካሮልን ማስታወሻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በወረቀት እየሠራችሁ አንብቡት። ከምልክቶቹ ላይና ታች የተደረደሩት ትንንሽ ፊደላት፣ ማለትም ኢንዴክሶቹ፣ ትንሽ ታግላችሁ ከገቧችሁ ሹትስን እዘዙ፣ ጭልጥ ብለው ከጠፉባችሁ ሃርትልን።