መቆለፍ ወይስ መሰወር፦ ዊንዶውስ+ኤል እና ዊንዶውስ+ዲ

ከወንበር ሲነሱ፣ ወይም ሰው ድንገት ከኋላ ሲመጣ፣ ጣት ወደ የትኛው ቁልፍ ይሂድ? የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤል (L) ጋር መጫን ኮምፒውተሩን ይቆልፋል፤ ከዲ (D) ጋር መጫን ደግሞ መስኮቶቹን ይሰውራል።

ፍጥነት፦ ሁለቱም ያው ናቸው።

አመላለስ፦ ዲ የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ አውርዶ ዴስክቶፑን ባዶ ያደርጋል፤ ደግመው ሲጫኑት ሁሉም ይመለሳል። ኤል ግን የይለፍ ቃል ወይም ፒን ይጠይቃል። ቸኩሎ ለሚሠራ ሰው ይህ ያሰለቻል፤ አልክድም።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዲ መጋረጃ ነው፤ ማንም አላፊ አግዳሚ ከታች ካለው አሞሌ ላይ አንዴ ጠቅ አድርጎ የደመወዝ ሰንጠረዡን ይገልጠዋል። ኤል ይህን ይከለክላል፤ እሱም አካውንቱ የይለፍ ቃል ካለው ነው። ከሌለው መቆለፉ ለይስሙላ ነው።

ሥራ፦ ኮምፒውተሩ ሲቆለፍ ፕሮግራሞቹ አይዘጉም፤ ፋይል ማውረዱም ይቀጥላል። መብራት ከሄደ ግን ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ኮንትሮል+ኤስ (Ctrl+S) ተጭኖ ማስቀመጥ!

ባለጉዳይ በሚበዛበት ቢሮ ወይም ጠረጴዛ ለቀው ሲሄዱ ኤል ይሻላል። በመስኮቶች ክምር ሥር የተቀበረ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ለመፈለግ ዲን የሚያህል የለም። በኢንተርኔት ካፌ ግን ሁለቱም አይበጁም፤ ከየአካውንትዎ ወጥተው ይሂዱ።