ለአኳሪየም ውኃ መቀየሪያ የቱ ይሻላል? የእጅ ሳይፈን፣ በባትሪ የሚሠራው ወይስ ቧንቧ ላይ የሚገጠመው

አኳሪየም ያላቸው ወዳጆቼ ሲደውሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ባልዲ መሸከም ሰለቸኝ፤ ምን ልግዛ?» መልሴን እዚሁ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የእጅ ሳይፈን፣ ማለትም ውኃውን ዝቅ ወዳለ ባልዲ በራሱ የሚያወርድ ቱቦ፣ እና ለመሙያ አንድ ትንሽ ፓምፕ ይበቃዋል። የሌሎቹ ዋጋ ለሥራቸው አይመጥንም።

በባትሪ የሚሠራው ላይ ብዙ ሰው ዓይኑ ያርፋል፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው ይባላል። ግን አብዛኞቹ ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻውን ስበው በከረጢት ካጣሩ በኋላ ውኃውን እዚያው ገንዳ ውስጥ ይመልሱታል። ኩሱ ወጣ እንጂ ውኃው አልተቀየረም፤ ከዓሦቹ ኩስ የሚመጣው ጎጂ ነገር፣ ናይትሬት፣ እንደተጠራቀመ አለ። ስለዚህ ማሽኑን ገዝታችሁም ከባልዲው አትገላገሉም።

ከዚያ ዋጋው አለ። አንድ ጓደኛዬ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ 5,500 ብር ከፈለበት፤ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። አብረን ፈታነው። የባትሪው ክዳን ጎሚኒ ከመሳሳቱ የተነሳ በጣት ሲነካ ይታጠፋል፤ ውኃ ገብቶ ባትሪው የሚነካበት ቆርቆሮ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ቆርቆሮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ ሌላ ጎሚኒ አስገባን፣ ተነሳ። ግን የውስጡ ማግኔት ሽፋኑ ተሰንጥቆ ዝጎና አብጦ ስለነበር ፕሮፔለሩን ያዘው። መለዋወጫ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ገንዘቡ በዚያው ቀረ። ይሄኛውን የግድ እፈልጋለሁ የምትሉ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ ክዳኑን አስከፍቱ፣ ጎሚኒውን ጫን አድርጋችሁ እዩ፣ ፕሮፔለሩን በጣት አሽከርክሩ። የሚሽከረከርበት ዘንግ ነጭ ሴራሚክ ከሆነ ደህና ነው፤ ተራ ብረት ከሆነ ይዝጋል፣ ተዉት።

ቧንቧ ላይ የሚገጠመው፣ ፓይተን እንደሚባለው ያለው፣ ባለበት አገር ግሩም ዕቃ ነው። በቧንቧው ግፊት ቆሻሻውን ውኃ ይስባል፣ ከዚያ መቀየሪያውን አዙራችሁ በዚያው ቱቦ ትሞላላችሁ። አሜሪካ ከ50 ዶላር በላይ ይሸጣል። ዲሲ ያላችሁ ግፊትም ሙቅ ውኃም አላችሁና ግዙት። የከተማው ውኃ ብዙውን ጊዜ በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሰጡት የጀርም መግደያ) ስለሚታከምና እሱም ሲቀመጥ ስለማይተን ማርከሻውን ጠብታ እንዳትዘነጉ። ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ አስልካችሁ ግን አትድከሙ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ የሚወርደው ግፊት አይስብላችሁም። ቢስብም፣ የተጠራቀመ ንጹህ ውኃ ቆሻሻውን ለመሳብ ብቻ ፍሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። የቧንቧችን ጥርስም ላይገጥመው ይችላል፤ ሪዱሰር (ማገጣጠሚያ) ፍለጋ መዞር ይከተላል።

የእጅ ሳይፈን። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን 1,200 ብር ሲሉ ሰምቻለሁ። አያስፈልግም። መርካቶ ላስቲክ ቱቦ በሜትር ይቆረጣል፤ እኔ ስገዛ ሜትሩ 130 ብር ነበር፣ ሦስት ሜትር በቂ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ቱቦውን በአፉ አስገቡና በናስትሮ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሰፊው አፍ ጠጠሩን ያነሳዋል፣ ጠጠሩ ከብዶ ይመለሳል፣ ቆሻሻው በቱቦው ይወርዳል። እስከ 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 12 ሚሊሜትር ቱቦ ይሻላል፤ ወፍራሙ ትንንሽ ዓሦችን ጭምር ይስባል፣ ውኃውም ጠጠሩ ሳይጸዳ ያልቃል። ስትገዙ አሽቱት፤ የነዳጅ ዓይነት ጠረን ያለውን ዓሣ ቤት አታስገቡ። ለማስጀመር በአፍ መሳብ አያስፈልግም፦ ቱቦውን ውኃ ሞልታችሁ ጫፉን በአውራ ጣት ድፈኑ፣ ሃይላንዱን ገንዳው ውስጥ ንከሩ፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ባልዲው ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁ።

ወገብ የሚሰብረው ከገንዳው መቅዳቱ ሳይሆን መልሶ መሙላቱ ነው፤ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ከ100 ሊትር ገንዳ በሳምንት ሩቡን ብትቀይሩ 25 ሊትር ነው፣ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ። ትንሽ የሚጠልቅ ፓምፕ 2,200 ብር ገደማ ገዝቻለሁ፣ እስካሁን ይሠራል። ካርቶኑ ላይ በሰዓት ይህን ያህል ሊትር የሚለውን ተዉትና ውኃውን ስንት ሜትር ከፍ እንደሚያደርግ አንብቡ። ጠረጴዛው 75፣ መስታወቱ 45 ሳንቲሜትር ከሆነ ከወለል እስከ አፉ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ 1 ሜትር የሚለው ፓምፕ ጠብ አያደርግላችሁም፣ የ2 ሜትሩን ውሰዱ። በጀሪካን አፍ አይገባምና አፈ ሰፊ በርሜል ወይም ትልቅ ባልዲ አዘጋጁ። ውኃው ሳያልቅ ንቀሉት፤ በደረቁ ከሠራ ይቃጠላል።

የሚሞላውን ውኃ በዋዜማው ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይተናል። የአዲስ አበባ ውኃ ለሞቃት አገር ዓሣ ይቀዘቅዛልና ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ጨምራችሁ በቴርሞሜትር ከገንዳው ጋር አስተካክሉ። የገንዳውን ማሞቂያ፣ ሂተሩን፣ ግን ውኃ ከገንዳው መቅዳት ሳትጀምሩ ከሶኬት ንቀሉ፤ እንደበራ ከውኃ በላይ ከቀረ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ የሂተር ዋጋ ደግሞ ፓምፕና ቱቦ ላይ ያተረፋችሁትን ሁሉ ይበላዋል።