የመክፈቻው ቀን ለተቆረጠ ኤግዚቢሽን፦ አልካይድ ሚዲየም በሥራ ላይ

በዘይት ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ለግል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የሥዕሎቹ አለመድረቅ ነው። የመክፈቻው ቀን ተቆርጦ፣ የጥሪ ወረቀቱ ታትሞ፣ ሸራው ግን ሲነኩት አሁንም ጣትን ያቀልማል። ለዓመታት ስሸሸው የኖርኩትን አልካይድ ሚዲየም፣ ማለትም ከዘይት ቀለም ጋር ተደባልቆ ድርቀቱን የሚያፋጥነውን ፈሳሽ፣ የገዛሁት 14 አዳዲስ ሥዕሎችን በአምስት ወር ለማድረስ ቃል ከገባሁ በኋላ ነው።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በትነት አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠጣር ሽፋንነት ይለወጣል። ፍጥነቱም እንደ ቀለሙ ይለያያል፦ በርንት አምበር የተባለው ቡናማ ድርቀትን የሚያፋጥን ማንጋኒዝ ስላለበት ይፈጥናል፣ አይቮሪ ብላክ የተባለው ጥቁርና ካድሚየም ቀይ ግን ይዘገያሉ። አልካይድ ከዘይት ጋር ተዋሕዶ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሙጫ ሲሆን ከቀለሙ ጋር ጥቂት ሲደባለቅ ይህን ልዩነት ያጠብበዋል፤ በእኔ ስቱዲዮ ስስ ንብርብሮች በአብዛኛው በማግስቱ፣ ቢዘገዩ በሦስተኛው ቀን ለመነካት በቅተዋል።

ትልቁን ጥቅሙን ያየሁት ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ፍጥነቱ ባመጣው የአሠራር ለውጥ ነው። በፊት አንዱን ሥዕል እስኪደርቅ አቁሜ ወደ ሌላው ስሄድ የመጀመሪያው ስሜት ከእጄ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን አሥረኛውን ሸራ እየሠራሁ ወደ አንደኛው ተመልሼ በላዩ አንድ ብርሃን አሳላፊ ሰማያዊ ንብርብር ማሳረፍ፣ በሳምንቱም ሌላ መደረብ ቻልኩ። በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን የሚሰቀሉ ሥራዎች እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ሚዲየም ሁሉንም በአንድነት እያየሁ እንዳሳድጋቸው ስለፈቀደልኝ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ፓሌቱ (የቀለም መደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ያለው ቀለም ከሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ መጣበቅ ስለሚጀምርና ብሩሹ ስለሚጎትት፣ ጥላና ብርሃን በርጥቡ ቀስ ብለው መዋሐድ ላለባቸው የሰው ፊቶች አላመቸኝም፤ እነርሱን በንጹሕ የተልባ ዘይት ሠራኋቸው። ሚዲየሙ የገባበት ቦታ ያብለጨልጫል፣ ያልገባበት ይደበዝዛል፤ ይህም ልዩነት በጋለሪ መብራት ሥር እጅግ ይጎላልና በአንድ ንብርብር ውስጥ መጠኑን በሸራው ሁሉ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። በቢላ ለሚለጠፍ ወፍራም ቀለም ደግሞ ፈጽሞ አልመክረውም፦ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያበጃል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አንድ ሥዕል በዚህ ምክንያት ከኤግዚቢሽኑ አስወጥቻለሁ፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። በሚዲየሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ሽታ ስላለው መስኮት መክፈት ግድ ነው፤ የተጠቀሙበት ጨርቅም ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላልና ውሃ ባለበት ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

የሸጠልኝ ሰው በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ ልቀባው እንደምችል ነግሮኝ ነበር፤ ምክሩ ስህተት ነው። ቫርኒሽ አቧራና ብናኝ ሲይዝ ሥዕሉን ሳይጎዳ ተነሥቶ የሚታደስ ሽፋን መሆን ሲገባው፣ አልካይድ ግን ከቀለሙ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይቀራል። ከዛፍ ሙጫ እንደሚሠራው ዳማር ያለውን የቆየ ዓይነት ቫርኒሽ ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ የተለመደ በመሆኑ፣ እኔ ሥራዎቼን ያለ ቫርኒሽ ለማሳየት ወሰንኩ።

ለሚገዛ ሰው ትንሹን ጠርሙስ እመርጥለታለሁ፤ አንዴ የተከፈተ ትልቅ ጠርሙስ አየር እየገባው ይወፍራልና ግማሹ ሳይሠራበት ይበላሻል። የመጨረሻውን ንብርብር ከመክፈቻው ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ጨርሼ ብሩሼን አስቀመጥኩ። ሥዕሎቹ ለመሰቀል ሲፈቱ ከመጠቅለያው ወረቀት ጋር የተጣበቀ አንድም አልነበረም።