የበሩ ድምፅ ምን ይነግረናል? ቪትዝ፣ ዲዛየር፣ የድሮ ኮሮላ እና አይዲ 4 ጎን ለጎን

ደሴ ላይ መኪና ሊያይ የሄደ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ዙሪያውን ይዞራል፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍቶ ይዘጋዋል። ደላላውም የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው። «ሰማኸው? ድፍን ያለ ነው!» ይላል። ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወሬው ወደ ዋጋ ይዞራል።

የበሩ ድምፅ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ብዙ ነገር ይናገራል። ችግሩ የምናወዳድረው ከማይወዳደረው ጋር መሆኑ ነው። የትንሿን ቶዮታ ቪትዝ በር ከኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ 4 በር ጋር ብታወዳድሩ የምታውቁት አንዱ ቀላል፣ ሌላው ከባድ መሆኑን ነው። የአንዱን መኪና አራት በሮች እርስ በርስ ካወዳደራችሁ ግን መኪናው እንዴት እንደኖረ ይነግሯችኋል። በተለይ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ፈላጊው የሚገዛው ሌላ ሰው የነዳውን ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

በር ሲዘጋ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። በሩ ላይ ያለው መቆለፊያ ምሰሶው ላይ የታሰረውን የብረት ቀለበት ይነክሳል። የበሩ ዙሪያ ጎማ ይጨመቃል። ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ይፈልጋል። የውጪው ላሜራም ይርገበገባል። ይህ ላሜራ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፤ ብቻውን ቢሆን እንደ ባዶ ጣሳ ነው የሚጮኸው። ፋብሪካው ከውስጥ በኩል ሬንጅ መሰል ወፍራም ንጣፍ ሲለጥፍበት ጩኸቱ ይታፈንና ድምፁ ይወፍራል። ጎማው ሁለት ድርብ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይለሰልሳል። ትልልቆቹ አምራቾች ይህን ድምፅ ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው የሚያጠኑ መሐንዲሶች አሏቸው። ስለዚህ «ዱብ» የሚል ወፍራም ድምፅ ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው። ለጆሮ ደስ ይላል፤ መኪናው ውስጥ ጸጥታ እንደሚኖርም ይጠቁማል። የብረቱን ጥንካሬ ግን አይመሰክርም።

አየሩን አትርሱት። የድሮዋን ቮልስ የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል፤ መስኮት ትንሽ ካልተከፈተላት የመጨረሻው በር እሺ ብሎ አይገጥምም ነበር። ቀዳዳ የሌላት መኪና ስለሆነች አየሩ መልሶ ይገፋ ነበር። የዛሬ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መከላከያው ጀርባ የተደበቀ የአየር መውጫ አላቸው። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው አንድ ጊዜ፣ አንዱ ተከፍቶ ሌላ ጊዜ በሩን ዝጉት። ልዩነቱ ከተሰማችሁ ጎማዎቹ አየር ይይዛሉ ማለት ነው። ባረጀ መኪና ላይ ምንም ልዩነት ከሌለ አየሩ በሆነ በኩል እየሾለከ ሊሆን ይችላል። አየር የሚሾልክበት ቦታ ደግሞ አቧራም ያስገባል።

አሁን ወደ መኪናዎቹ።

ቪትዝ። ለውጭ ገበያ ያሪስ ተብሎ የሚሸጠውንም እኛ ቪትዝ እያልን ነው የምንጠራው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. የመጣውን ቅርፅ ማለቴ ነው። በሩ ቀላል ነው። ሲዘጋ አጭርና ደረቅ ድምፅ ያወጣል፣ በኋላው ላይ ትንሽ የላሜራ ንዝረት አለው። ሰው ይህን ሰምቶ «ቆርቆሮ ነው» ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄው ያሪስ በ2005 እ.ኤ.አ. በአውሮፓው የደህንነት ሙከራ፣ በዩሮ ኤንካፕ፣ በጊዜው መለኪያ 5 ኮከብ ያገኘ መኪና ነው። በሩ የቀለለው መኪናው ሁሉ እንዲቀልና ነዳጅ እንዲቆጥብ ታስቦ ነው። የቪትዝ በር ጥሩ ጎኑ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ብዙ ዓመት ተከፍቶ ተዘግቶም መቆለፊያው ንጹህ ሆኖ ይነክሳል። በቀስታ በዳሌያችሁ ገፋ አድርጉት። መጀመሪያ አንድ «ቀጭ»፣ ከዚያ ሁለተኛ «ቀጭ» ማለት አለበት። ሁለተኛዋ እንድትመጣ በሩን በኃይል መወርወር ካስፈለገ መቆለፊያው ደርቋል ወይም በሩ ከቦታው ተንሸራቷል።

ዲዛየር። የሱዙኪ መኪና ነው፤ ክብደቱ ከ1 ቶን በታች ነው፤ በሩም ይህንኑ ያሳብቃል። እጀታውን ስትስቡ ቀለል ይላል፣ ሲዘጋ ድምፁ ከቪትዙም ሳሳ ያለ ነው። ለከተማ ሥራ፣ ለነዳጅ ቁጠባ፣ ለዕቃ መጫኛ ሰፊ የኋላ ኮፈን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ስለ አደጋ ስትጠይቁ ግን አንድ ነገር ለዩ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በሌላው የደህንነት ሙከራ፣ በግሎባል ኤንካፕ፣ 5 ኮከብ ያገኘው አዲሱ ዲዛየር ነው። እኛ መንገድ ላይ የምናየው በብዛት ከዚያ በፊት የነበረው ሞዴል ስለሆነ ሻጭ ያንን ኮከብ እየጠቀሰ ቢያሞግስላችሁ አትቀበሉት። ሁለቱን ብታስመርጡኝ፣ ዕድሜያቸውና ጤንነታቸው እኩል ከሆነ፣ በበር ብቻ ቪትዙን እመርጣለሁ።

የድሮ ኮሮላ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ዲኤክስ የምንለው የቆየው ኮሮላም ሆነ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ሲዘጋ ብረት ብረት የሚል ጠንካራ ድምፅ አለው። በብዙዎቹ በር ውስጥ የመስታወት ሞተር የለም፤ መስታወትና በእጅ የሚዞር ማንሻ ነው ያለው። «የድሮ ላሜራ ነው፣ የዛሬው ወረቀት ነው» የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቤተሰብ ለሚጭን ሰው ይህ አባባል አደገኛ ነው። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የመኪና ደህንነት መርማሪ ተቋም አንካፕ በ2017 እ.ኤ.አ. የ1998 ኮሮላንና የ2015 ኮሮላን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት አጋጭቷቸው ነበር። አዲሱ ከ16 ነጥብ 12.93 አገኘ። የድሮው 0.40። ዜሮ ኮከብ ማለት ነው። የድሮ ኮሮላ ለመጠገን ይመቻል፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ይህን ማንም አይክድም። የበሩን ድምፅ ሰምታችሁ «ይህ ነው የሚያድነኝ» ብላችሁ ግን አትግዙ።

አይዲ 4። በሩን ስትከፍቱት ክብደቱ ክንዳችሁ ላይ ይታወቃችኋል። መኪናው ራሱ ወደ 2 ቶን ነው። ሲዘጋ ድምፁ ወፍራም፣ አጭር፣ ምንም የማይንጫጫ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዩሮ ኤንካፕ 5 ኮከብ አግኝቷል። እዚህ ድምፁና ውጤቱ ገጠሙ። ግን እጀታው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውጪው እጀታ እንደ ድሮው በሽቦ የሚሳብ አይደለም፤ ከጀርባው ስትነኩት በኤሌክትሪክ ነው የሚከፍተው። አሜሪካ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 99 ሺህ የሚጠጉ አይዲ 4ዎች ለጥገና ተጠርተው ነበር፤ ምክንያቱ ውሃ እጀታው ውስጥ ገብቶ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት መቻሉ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት በብዛት ቻይና የተሠሩት ስለሆኑ ይሄው ችግር አለባቸው ማለቴ አይደለም። የደሴ ክረምት ግን ቀልድ አያውቅም። መኪናው ታጥቦ ወይም ዝናብ መትቶት እንደቆመ አራቱንም እጀታ ሞክሩ። ትንሹ ባትሪ ቢያልቅ በሩ ከውጭም ከውስጥም እንዴት እንደሚከፈት ሻጩ በተግባር ያሳያችሁ። ማሳየት ካልቻለ የሚያውቅ ሰው ይጠራ።

ደሴ ለበር ፍተሻ የተመቸ ከተማ ነው። ሁሉም ቦታ ዳገት ነው። መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙትና በሩን ግማሽ ክፈቱት። በሩን ከፍቶ የሚያቆመው ብረት ጤነኛ ከሆነ ባለበት ይቆያል። ካረጀ ተመልሶ እግራችሁ ላይ ይመጣል። ቪትዙና ዲዛየሩ ቀላል ስለሆኑ ትንሽ ብረት ይበቃቸዋል። አይዲ 4 ላይ ግን ይህ ብረት ሲደክም ከባድ በር ነው የሚወርድባችሁ፤ ሕፃን ወይም አረጋዊ ለምታመላልሱ ሰዎች ይህ ከድምፁ ይበልጥ ያሳስባችሁ።

ከዚያ ኮብልስቶን ፈልጉ። ሬዲዮውን አጥፉ፣ መስኮቶቹን ግማሽ አውርዱና በዝግታ ንዱት። መስታወቱ በግማሽ ሲሆን ከጎን የሚይዘው የመሄጃው ጎማ ስለሆነ፣ ጎማው ካለቀ ወዲያው ይንኳኳል። መስታወቱን ሙሉ ስታወጡት ኳኳታው ከጠፋ ችግሩ እሱ ነው፤ ከባድ አይደለም። ካልጠፋ በሩ ራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጊዜ ካላችሁ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። ኩርባው በበዛ ቁጥር የመኪናው አካል ይጠማዘዛል፣ ልል በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ታች ሙቀቱ ስለሚበረታ እዚያና ወደ ባቲ በኩል የኖረ መኪና የበር ጎማው ፀሐይ በልቶት ደርቆ ልታገኙት ትችላላችሁ። በጣታችሁ ስትጫኑት ተመልሶ ካልተነሳ አልቋል። ወረቀት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው አይነካም። ባለቤቱ በጠጠር መንገድ የሚሠራ ሰው ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀለላችሁ። በሩን ከፍታችሁ የደፉን ጠርዝ ተመልከቱ። የአቧራው መስመር ከጎማው ውጭ ካቆመ ጥሩ ነው። ጎማውን አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ በዚያው በኩል ዝናብም ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር፣ አራቱ በሮች።

በእኩል ኃይል ተራ በተራ ዝጓቸው። ሁለቱ የፊት በሮች እርስ በርስ፣ ሁለቱ የኋላዎቹም እርስ በርስ መመሳሰል አለባቸው። የሾፌሩ በር ትንሽ ቢላላ ተፈጥሯዊ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እሱ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ድካሙን በቀኙ የፊት በር ላይም ልታገኙት ትችላላችሁ። አሁን የኋላዎቹን እዩ። አገራችን የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ ተሳፋሪ የሚወጣውና የሚወርደው በቀኙ የኋላ በር ነው። «የቤት መኪና ነው፣ ሥራ ላይ አልዋለም» የተባለ ቪትዝ የቀኙ የኋላ በር ከግራው እጅግ ተለይቶ ከላላ፣ ታክሲ ሳይሠራ እንዳልቀረ ጠርጥሩ።

በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ከጫፉ በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱት። ከፍ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል። ከዚያ ማጠፊያውን የያዙትን ብሎኖች እዩ። ቀለማቸው ከተላጠ ወይም የመፍቻ ጠባሳ ካለባቸው በሩ ወርዶ ያውቃል። ባትላሜራ የገባ መኪና ላይ ደግሞ ድምፁ ራሱ ይለያል፤ ስቱኮ የበዛበት በር ከአቻው ይልቅ የደነዘዘ ድምፅ ያወጣል። ላልጠረጠረ ሰው ይህ ድንዛዜ ጥራት ይመስላል! ሦስቱ ቀለል ብለው አንዱ «ዱብ» ካለ ያን አንዱን በማግኔት ፈትኑት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስቱኮ ነው።

ለሽያጭ የሚሠራ ዘዴም አለ። ምሰሶው ላይ ያለው የብረት ቀለበት በብሎን የታሰረ ስለሆነ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ሲጠብቅ የላላው በር ለጊዜው ጥሩ ይዘጋል። ቀለበቱ ሥር ያለውን ቀለም እዩት። የድሮው ማረፊያ ምልክት ጎን ላይ ከታየ ቀለበቱ ተነቅንቋል። ሁሌም ክፋት አይደለም፣ መካኒክ ለማስተካከል ይነካዋል። ግን ለምን እንደተነካ ጠይቁ።

የበር ጎማ፣ የመስታወት መሄጃና የደረቀ መቆለፊያ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ በእነሱ ዋጋ ተከራከሩ። ያለቀ ማጠፊያም ይቀየራል፣ ወጪው ከፍ ቢልም። በሩና ምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ካያችሁትና ማጠፊያው ጤነኛ ከሆነ ግን የተጎዳው ምሰሶው ሊሆን ይችላል። ያን መኪና ባትላሜራ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ቀብድ አትክፈሉ፤ ምሰሶው መታጠፉን ካረጋገጠላችሁ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁም ሌላ መኪና ፈልጉ።