ፋብሪካውን ላጋልጥባት የገዛኋት የአየር መለኪያ፣ ከ14 ወር በኋላ

እሺ፣ ይሄን ሪቪው ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ሰው ዕቃ በገዛ በሦስተኛው ቀን 5 ኮከብ ለጥፎ ይጠፋል፣ እኔ ግን ይቺን ነጭ ሳጥን በረንዳ ላይ ሰቅዬ ድፍን 14 ወር አብሬያት ኖሬያለሁ፣ አንዴ ወድቃብኛለች፣ አንዴ ሸረሪት ገብቶባታል (እውነቴን ነው፣ እመጣበታለሁ)፣ እና አሁን ሚወራ ነገር አለኝ። ስሟን አልጠራም። ከታች የማማርርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በሌዘር የሚሰሩት ርካሽ መለኪያዎች ሁሉ ያለባቸው ናቸው፣ አንዱን ካምፓኒ ለይቼ ብወቅስ ደስ አይለኝም።

የገዛሁበት ምክንያት ንዴት ነው። ከመስኮቴ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፣ ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ጥቀርሻ ነገር ይቀመጣል፣ ለሰው ስናገር ደግሞ "ኧረ ሳይነስ ይሆናል" ይሉኛል። በቃ በቁጥር አሳያቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ ማስረጃ ሰብስቤ፣ ግራፍ ሰርቼ፣ ምናምን። ነገርየው እንዳሰብኩት አልሄደም፣ ግን ከጠበኩት በላይ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ እንዴት እንደምትሰራ ልንገራችሁ ምክንያቱም ይሄን ሳያውቁ የሚገዙ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚበሳጩት። ውስጧ ትንሽዬ ፋን አለች አየር የምትስብ፣ ከዛ አየሩ በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋል፣ ቅንጣቷ ስታልፍ ብርሃኑን ትበትነዋለች፣ ሴንሰሩ ብልጭታውን ይቆጥራል። በመስኮት ቀዳዳ ፀሐይ ስትገባ አቧራው ጨረሩ ውስጥ ሲጨፍር ታዩት የለ? እሱ ነው በቃ። ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ክብደት ነው፣ ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ፣ እሷ ደግሞ ምንም አልመዘነችም፣ ብልጭታውን አይታ "ይሄ ይሄን ያህል ሊመዝን ይችላል" ብላ እየገመተች ነው። የኦፊሴላዊ ጣቢያዎች መነሻ የሆነው ዘዴ አየሩን 24 ሰዓት በፊልተር ስቦ ፊልተሩን ከነቅንጣቱ በስስ ሚዛን መመዘን ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

የምትለካው ዋናው ነገር ፒኤም 2.5 የሚባለውን ነው፣ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ቅንጣቶች ማለት ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ስለሆነ 30 እጥፍ ያህል ይቀጥናሉ፣ አፍንጫ አያስቀራቸውም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ገብተው ደምም ውስጥ ይሻገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) መመሪያውን ሲያድስ የዓመት አማካዩን ከ10 ወደ 5 አወረደው፣ የ24 ሰዓቱን ደግሞ ከ25 ወደ 15። እኔ ይሄን ሳነብ የበረንዳዬ ቁጥር 30ዎቹ ውስጥ ሲዋልል ነበር፣ እስቲ አስቡት።

አሁን ወደ ውርደቴ ልግባ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ አየሁት፣ 180! ዘልዬ ተነሳሁ፣ ስክሪንሾት አነሳሁ፣ ለጎረቤቶች ግሩፕ ለጠፍኩ፣ "ይኸው ተኝተን እያለ ምን እንደሚለቁብን እዩ" ብዬ። ሰው ተቆጣ፣ ተቀጣጠለ። ከዛ ነጋና በረንዳ ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ጭጋግ! ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ እንኳን አይታይም። ሌዘሩ ጠብታ ውሃና ቅንጣት መለየት አይችልም፣ በዛ ላይ እርጥበት ሲበዛ አንዳንዱ ቅንጣት ራሱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያበጠ ነገር ደግሞ ብርሃን በደንብ ይበትናል፣ እሷም እንደ ከባድ ቆጠረችው። ግሩፑ ላይ ማስተባበያ ፃፍኩ፣ እስካሁን "ጭጋጉ" እያሉ ይጠሩኛል።

ይሄ ነገር የታወቀ መሆኑን ያወኩት ከተዋረድኩ በኋላ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሰዎች ፐርፕልኤር የሚባሉትን፣ እንደኔዋ በሌዘር የሚሰሩ መለኪያዎች ከራሳቸው ጣቢያዎች ጎን አስቀምጠው ሲያወዳድሩ ጥሬ ቁጥሩ በአማካይ 40 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አገኙት፣ ከዛ የእርጥበት መጠንን ያስገባ የማስተካከያ ቀመር ሰሩ፣ አሁን የሰደድ እሳት ጭስ በሚያሳየው ካርታቸው ላይ በሱ ያስተካክሉታል። የኔዋ አፕ ግን ጥሬውን ነው ዝም ብላ የምታወጣው። እርጥበት መለኪያ ውስጧ አላት እኮ! አላት፣ ታሳያለች፣ ግን አትጠቀምበትም። ይሄ ያናድዳል፣ አንድ ኮከብ የቆረጥኩት እዚህ ላይ ነው።

በኋላ አንድ ጓደኛዬ የሚሰራበት ቢሮ ከመንግስት የአየር ጣቢያ ጎን መሆኑን ሳውቅ ሁለት ሳምንት መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩበት (ሰራተኞቹ ካሜራ መስሏቸው ጨርቅ ያለበሱባት ቀን አለ፣ የዛን ቀን ዳታ ጣልኩት)። ቁጥሯ ከጣቢያው ከፍ ይላል፣ ግን አብራው ትወጣለች፣ አብራው ትወርዳለች። እዛ ጋ ነው የገባኝ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ቅርፁን እመኑ። ዛሬ ከትናንት ይብሳል ወይ፣ ጠዋት ከቀትር ይብሳል ወይ፣ ለዚህ ጎበዝ ናት። "ስንት ነው" ለሚለው ግን ባትጠይቋት ይሻላል።

እና ቅርፁን ማየት ስጀምር የፋብሪካው ነገር ተወሳሰበ። ኤክሴል ላይ የነፋስ አቅጣጫ ከአየር ትንበያ እየገለበጥኩ ጎን ለጎን አስገባሁ፣ አራት ወር አካባቢ። ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ሲመጣ ይጨምራል፣ አዎ፣ ተጠርጣሪዬ ነፃ አልወጣም። ግን ከሱ የሚበልጥ ማዕበል አለ፣ በየቀኑ፣ ከማታ ጀምሮ እስከ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት ሁሉ። እኛ ሰፈር "ሌሊት ተደብቀው ነው የሚለቁት" ይባላል፣ እኔም አምን ነበር። ሊሆንም ይችላል። ግን ምንም ተጨማሪ ሳይለቁም ሌሊት ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም ፀሐይ ስትገባ መሬቷ ትቀዘቅዛለች፣ ከሷ ጋር የሚነካካው አየርም ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ያለው አየር ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ቁጭ ይላል፣ ጭሱ፣ የመኪናው፣ የምድጃው፣ የፋብሪካው፣ ሁሉም ክዳኑ ስር ይታጨቃል፣ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ክዳኑን እስክትከፍተው ድረስ። በታህሳስ 1952 ለንደንን ቀናት ሙሉ አፍኖ በሺዎች የገደለው ጭስ እንደዛ ነው የሆነው፣ ከሰሉማ ከዛ በፊትም ይነድ ነበር፣ ክዳኑ ነው አልከፈት ያለው።

ይሄን ለጎረቤቶች ሳስረዳ "ለፋብሪካው ጠበቃ ሆንክ" ተባልኩ። ኧረ በፍፁም። ክዳን እንዳለ እያወቁ በዛ ሰዓት መልቀቅ የባሰ ነው እንጂ የተሻለ አይደለም።

ሌላው ጉድ፣ ሽታው። አይን የሚያቃጥልበት ቀን አለ፣ ክብሪት ሲጫር እንዳለው ዓይነት ሽታ የሚመጣበት፣ እያሳለኝ ስክሪኑን አያለሁ፣ 8፣ አረንጓዴ፣ ፈገግ ያለች ፊት ጭምር። ሳስበው ስክሪኑ ላይ ፊት የሳለው ሰው ፋብሪካ አጠገብ ኖሮ አያውቅም። ለካ እሷ ቅንጣት እንጂ ጋዝ አታይም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ኦዞን፣ አንዱንም። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ደግሞ ግማሽ ታሪኩ ጋዝ ነው፣ እና የሰልፈሩ ጋዝ አየር ላይ እየቆየ ወደ ሰልፌት ቅንጣት ይቀየራል፣ ይሄ ሰዓታትም ቀናትም ይፈጃል፣ እስከዛ ነፋሱ ወስዶታል። ስለዚ የኔ ሰፈር ጋዙን ያሸታል፣ ቅንጣቱን ራቅ ብሎ ያለ ጭስ ማውጫ እንኳን አይቶ የማያውቅ ሰው ይተነፍሰዋል፣ የሱ መለኪያ ይጮሃል የኔ ዝም ይላል። ረጅም ጭስ ማውጫ የሚሰራውም ለዚሁ ነው፣ ለቅርቡ ሰው እንዲቀል ተብሎ ወደ ሩቁ ይላካል።

"ግን ካርቶኑ ላይ ሲኦ2 እና ጋዝ ትለካለች ይላል" የምትሉ ካላችሁ፣ ኢሲኦ2 ነው የሚለው፣ የፊቷን "ኢ" ልብ በሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በእውነት የሚለካው በኢንፍራሬድ የሚሰራ ሴንሰር ነው፣ ይቺ ግን ለሽታና ለተን ነገሮች የሚሰማ ሴንሰር ይዛ ከሱ ቁጥር ፈጥራ ነው የምትነግራችሁ። ጠረጴዛ በአልኮል ጠርጉና ሞክሩት፣ ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ሰው የታጨቀ ይመስል ቁጥሩ ይፈነዳል። ይሄን እኔ ማታለል ነው የምለው።

ፒኤም 10ንም እርሱት። ከባድ መኪና አልፎ አቧራው በረንዳውን ሲሸፍነው፣ በጣቴ ስሜን እየፃፍኩበት፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ትልልቁን አቧራ እነዚህ ሴንሰሮች በደንብ አያዩትም፣ ፒኤም 10 ብለው የሚፅፉት በአብዛኛው ከትንንሾቹ ተነስተው የገመቱትን ነው። የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ ወፍጮ ጎረቤት ከሆናችሁ ይቺ ለእናንተ አይደለችም።

አፑ ላይ ያለችው ቀለምም አታስተማምንም። የአሜሪካው ኤጀንሲ በ2024 የፒኤም 2.5ን የዓመት ገደብ ከ12 ወደ 9 ሲያወርድ ቀለሙን የሚወስነው የአየር ጥራት ኢንዴክስ ሰንጠረዥም አብሮ ተቀየረ፣ አረንጓዴው ድሮ እስከ 12 ነበር አሁን 9 ላይ ያልቃል። የኔዋ አፕ በድሮው ነው ያለችው። እና 11 ሲሆን እኔ ጋ አረንጓዴ፣ ሌላ ካርታ ላይ ቢጫ፣ አየሩ ያው አንድ አየር። ደግሞ ኢንዴክስና ማይክሮግራምን አታምታቱ፣ ኢንዴክስ 100 ማለት 35 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፣ ሰው ሁለቱን አደባልቆ ሲከራከር ስንት አይቻለሁ።

በጣም ያሳቀኝ ግን "ትሬንድ" የምትለው ቦታ ናት። በየሳምንቱ ቀስት ትልካለች፣ "አየርዎ ተሻሽሏል" ከነጭብጨባው። የዛን ሳምንት ዝናብ ስለዘነበ ነው እኮ! ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ይሄ መሻሻል ከተባለ ነገ ይበላሻል። የአንድ ክልልን ወይም ሀገርን አየር አዝማሚያ ማወቅ ከፈለጋችሁ ብዙ ጣቢያ፣ ያንኑ ወር ከዛው ወር ጋር፣ ለዓመታት ነው የሚታየው። አሜሪካ ከ1970 እስከ 2020 ዋና ዋናዎቹን ስድስት በካዮች ልቀት በ78 በመቶ ቀንሳለች ይባላል፣ ያ 50 ዓመት የፈጀ ቀስት ነው። የኔ 14 ወር ራሱ አንድ ክረምት ተኩል ምናምን ነው፣ "ሰፈራችን እየባሰ ነው" ለማለት አያበቃኝም፣ ልል ብፈልግም። ሰፋ አድርጎ ለማየት ሳተላይት ይሻላል፣ በ2017 የመጠቀችው ሴንቲኔል 5ፒ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በየቀኑ ትቃኛለች፣ ዳታውም ነፃ ነው፣ ግን አንዷ ነጥቧ 3.5 በ5.5 ኪሎሜትር ስለሆነች ጭስ ማውጫ ለይታ አታሳያችሁም፣ የፋብሪካውን ሰፈር በጅምላ እንጂ።

ሸረሪቱን ረስቼው። በሰባተኛው ወር ቁጥሩ ሌሊትና ቀን ሳይል ወጥቶ ቀረ፣ 90፣ 95፣ ካስተመር ሰርቪስ ስጠይቅ "አጥፍተው ያብሩት" አሉኝ፣ ሦስቴ። ከፍቼ ሳይ አየር መግቢያው ላይ ድር ተደርቶ ቤት ተሰርቷል። በእጅ ፓምፕ እፍ አልኩባት፣ ዳነች። ፋኗ ከ10ኛው ወር ጀምሮ ትጮሃለች፣ መኝታ ቤት አይሆንም። ዋይፋይ ሲቋረጥ የዛ ሰዓት ዳታ ጠፋ ማለት ነው፣ ውስጧ አታስቀምጥም።

ቤት ውስጥ ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ጭጋግ የለ፣ ነፋስ የለ። መጥበሻ ስትሰማ ከፋብሪካው በላይ ስትጮህ ደነገጥኩ፣ አሁን ሲጠበስ የኩሽናው በር ይዘጋል። መስኮት የምከፍተው ጠዋት ተነስቼ ነበር፣ ልክ በክዳኑ ሰዓት! አሁን ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ሄፓ ፊልተር ያለውን ማጣሪያ ሳበራ ቁጥሩ ሲወርድ ቆሜ አያለሁ፣ ከማጣሪያው ካርቶን ይልቅ እሷን አምናለሁ። የጠዋቱ ጉሮሮ ቀንሷል፣ ሳይነስም ቢሆን ሳይነሱ ተሽሎታል።

ከ5 ሦስት ተኩል። ለቤት ውስጥ ብቻ ቢሆን አራት እሰጣት ነበር፣ ጋዝ ለማወቅ ለሚገዛ ደግሞ አንድ። ሁለተኛ ልገዛ ነው፣ አንዷ ውስጥ አንዷ ውጪ፣ ሲለያዩ ለማየት። አፑን የሚሰሩት ሰዎች ይሄን ካነበቡ ደግሞ እባካችሁ ዳታ ማውረጃውን ከ30 ቀን በላይ ክፈቱልን፣ በየወሩ መጨረሻ አላርም ሞልቼ ሲኤስቪ (የዳታውን ፋይል) ማውረድ ሰልችቶኛል፣ ሚያዝያን ረስቼ ሙሉ ወር ጠፍቶብኛል።