የአባቴን ቮልስ ፍሬን ለሠሩልኝ መካኒክ ምስጋና

ሰላም ወገኖች። በተለይ የድሮ ቮልስ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

አባቴ ሲያርፍ የተወልን አንድ ነጭ ቮልስ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1965 ሞዴል። እኛን ትምህርት ቤት አመላልሶበታል። እማዬን ይዞ የአባይን በረሃ እያቋረጠ ደብረ ማርቆስ ለሠርግም ለለቅሶም ሄዶበታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ "ሸጠሽ ተገላገይ" የሚለኝ ሰው ያመኛል።

ግን ፍሬኑ ሊጨርሰን ነበር። ደጋግሜ ካልረገጥኩት አይዝም። ሲይዝም መሪውን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ እጄ ከእጅ ፍሬኑ ላይ አይነሳም ነበር።

ያልሄድኩበት ጋራዥ የለም። ስማቸውን አልጠራም። አንዱ የፍሬን ሸራ ቀየርኩ ብሎ ገንዘቤን ተቀበለ። ኋላ ሲፈታ ያው የድሮው ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ተገኘ። ሌላው ዘይት ጨምሮ "ጨርሰናል እህቴ" አለኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ፔዳሉ ወለል ነካ። ያኔ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ሌላው ደግሞ እኔን ትቶ አብሮኝ ለሄደው ታናሽ ወንድሜ ያስረዳል። መኪናውን የምነዳው እኮ እኔ ነኝ! በሰው ሕይወት እንዲህ ይቀለዳል? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኚህን ሰው የጠቆመኝ ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። "ስሜን እንዳትለጥፊው" ስላሉኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። ገና መኪናውን እንዳነሱት ጠሩኝና ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረጉኝ። የፊቱን የፍሬን ቱቦ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የቱቦው ጎማ ስንጥቅጥቅ ብሏል፤ ዘይቱ ጣታቸው ላይ ቀረ። "ልጄ፣ የዚህ መኪና የዘይት መስመር አንድ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል" አሉኝ። ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም።

ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ፖምፓ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ የሚገፋው) ገጠሙልኝ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ። የፊቱን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን ከበሮ መሳይ ብረት) አውጥተው ዲስክ (ከሁለት ጎን ተቆንጥጦ የሚያዝ ሳህን መሳይ ብረት) አደረጉት። ቁልቁለት ላይ ሲግል እንደ ታምቡር ቶሎ አይደክምም አሉኝ። የቀረውን እሳቸው ያውቁታል፤ እኔ አልገባኝም።

መኪናውን ልረከብ ስሄድ ግን ያላሰብኩትን አየሁ። የወለቁት ታምቡሮች ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በላያቸው ላይ ካርቶን ታስሯል፦ "ፊት ግራ"፣ "ፊት ቀኝ"። "የአባትሽ ዕቃ ነው። ምንም አልቆረጥኩም፣ አልበየድኩም። አንድ ቀን እንደነበረ ይሁን ካልሽ ይመለሳል" አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ። ሌላ ቦታ ቢሆን ቁራሌው ይዞት ሄዶ ነበር። እጃቸው ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

እሁድ እማዬን ይዤ እንጦጦ ማርያም ደርሰን መጣን። ድሮ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ በሩን ጨብጣ ዝም ትል ነበር። አሁን ወሬዋን ሳታቋርጥ ሽሮ ሜዳ ደረስን።

ቮልስም ሆነ ሌላ የድሮ መኪና ያላችሁ እባካችሁ ፍሬኑን አሳዩአቸው። "እስካሁን ይዟል" ብላችሁ አትተዉት። ቤተሰብ ነው የምትጭኑት። ጋራዡ ጉለሌ ነው፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ።