እናቴ ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረው አጥንትና ደብረ ብርሃን ያገኘነው ሕክምና

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ።

እናቴ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው። ለገና ከታረደው በግ ቅቅል ውስጥ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረባት። ጎረቤት ተሰብስቦ «እንጀራ ጠቅልለሽ ዋጪበት፣ ይዞት ይወርዳል» አላት። ዋጠች፣ ባሰባት። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) «ቆስሎ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጣት። ምራቋን መዋጥ ላቃታት ሴት ኪኒን!

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍሉ ያው የምታውቁት ነው፣ ወረፋና ግፊያ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ነገር ነው። ተረኛው ሐኪም «እማማ፣ ምራቅዎ ይወርዳል? ደረትዎን ይወጋዎታል? ያተኩስዎታል?» ብሎ ጠየቃት። አንገቷን በጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰ። የምግብ ቧንቧው ተበስቶ ከሆነ አየር ቆዳ ሥር ይገባና ሲነኩት ይንኮሻኮሻል አለኝ። ራጁ ላይ አጥንቱ ታየ። ሁሉም አጥንት ግን በራጅ አይታይም፤ «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ካልተወ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

«ኦፕራሲዮን» ሲባል እህቴ ለቅሶ ጀመረች። ቢላ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው፣ መብራት ያለው የብረት ቱቦ በአፏ አስገብተው፣ በረጅም መቆንጠጫ መዘው አወጡት። በኋላ አሳዩን፤ ጥፍር የምታክል፣ አንድ ጎኗ የሾለ ነገር ናት።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለሁለት ነገር ነው። አስታማሚ የሚያርፍበት የለም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ማደር ነው። ደግሞ «መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ አጥሚት፤ ካተኮሳት ወይም ደረቷን ከወጋት ወዲያው አምጧት» የሚለውን ትልቁን ምክር የነገሩን በር ላይ፣ በጥድፊያ ነው። በወረቀት ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል?

አጥንት ወይም ሳንቲም የዋጠ ሰው ስታመጡ ጣርማበር ላይ «ሻይ እንኳ ትቅመስ» የሚል ዘመድ ካለ እንቢ በሉት፤ ማደንዘዣ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ልጅ የሰዓት ባትሪ ከዋጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው በ2 ሰዓት ውስጥ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ መንገዱ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እያላሳችሁ ገስግሱ። ማሩን ብላችሁ ግን መኪናው እንዳያመልጣችሁ።